የጋይንት መንገድና ያልመጣው ዘመን

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ክምር ድንጋይን ካለፈ በኋላ የጉናን ተራራ በስተቀኙ እየተወ፥ ብርዱ በበረታበት ደጋ እየሄደ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ጨጨሆ አቅንቶ አቀበቱን ሲጨርስ የጋይንት አገር በስተኋላው ይቀራል። ከመንገዱ በስተደቡብ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ እስቴም ከጉና ማዶ ተዘርግታ ትገኛለች። ዛሬ ይህ ሁሉ በመኪና በጥቂት ሰዓት ይታለፋል። በ1860 ዓ. ም. ግን አንድ ንጉሠ ነገሥት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ሰው በበቅሎ ቢሄድ ሁለት ሳምንት የማይፈጅበት አገር ነው። ያዘገያቸውም ከበስተኋላቸው የሚጎተተው ብረት ነበረ።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኛም የታወቀውን ታሪክ እንደገና ለመድገም ብዕር አላነሣንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በእኒህ ንጉሥ ስም ሲጠበቅ ኖሮ ሳይፈጸም የቀረው ዘመን በኋላ በተነሡት ደራስያን ድርሰት ውስጥ እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ፥ ሲመለስም ምን ይዞ፥ ምንስ ጥሎ እንደሚመጣ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ እንደሚነሣና 40 ዓመት በሰላም እንደሚነግሥ ይናገራል። ይህን ተስፋ ካህኑም ባላገሩም ያውቀው ነበረ። በ1811 ዓ. ም. ገደማ የተወለዱት የቋራው ካሣ ኃይሉ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፥ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፥ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ. ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ የመረጡት የመንግሥት ስም ይህንኑ ነበረ። ስሙ ስም ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ ተጽፎ ባለቤት ሲጠብቅ በኖረ ታሪክ ውስጥ ገብቶ የጀግናውን ቦታ መያዝ ነበረ እንጂ። እንዲህ ያለውን ድፍረት ያደረገ ሌላ ንጉሥ በዓለም ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። መጽሐፉ 40 ዓመት ይላል። ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት ከ1847 እስከ 1860 ዓ. ም. 13 ዓመት ነው። የቀረው 27 ዓመት ነው። ይህ 27 ዓመት ቢሞላ ኖሮ መንግሥታቸው የሚያልቀው በ1887 ዓ. ም. ነበረ፤ የዐድዋ ጦርነት ከተደረገበት ከየካቲት 1888 ዓ. ም. በፊት ባለው ዓመት ማለት ነው። ዕድሜያቸውም 76 ያህል በሆነ ነበር። በእውነተኛው ታሪክ በእነዚያ 27 ዓመታት ውስጥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፥ ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ ተተካክተዋል፤ መተማም ሆኖአል፤ ክፉ ቀን የተባለው ታላቁ ረኃብም በዚሁ መካከል ደርሷል። ያልመጣውን ዘመን የሚያስብ ሰው እንግዲህ ባዶ ቦታ ላይ አያስብም። የሞላ ቦታ ላይ ነው የሚያስበው፤ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ማውጣት ግድ ይሆንበታል።

ይህን የመሰለ አሳብ በሌላ አገር ምን መልክ እንደያዘ ማየት ሳይጠቅም አይቀርም። በአሜሪካ ኤክስ ሜን የሚባሉ ልዕለ ጀግኖች ታሪካቸው በሥዕልና በጥቂት ቃል የሚነገርበት መጽሔት በየወሩ ሲወጣ ኖሯል። በ1995 እ. ኤ. አ. ደራስያኑ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። የጀግኖቹ መምህር ፕሮፌሰር ኤግዛቪየር ገና በወጣትነቱ፥ ተማሪዎቹን ሳይሰበስብ፥ ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ በመጣ በገዛ ልጁ እጅ ሞተ ብለው ጻፉ። ልጁ ሊገድል የፈለገው የአባቱን ጠላት ነበረ፤ አባት ግን መካከል ገባ። በዚህ በአንድ ሞት ምክንያት ዓለሙ ሁሉ ተለወጠ፤ አፖካሊፕስ የተባለው ጨካኝ ሰሜን አሜሪካን ገዛ፤ ጠላት የነበረውም ሰው የሟቹን ወዳጁን አሳብ ተቀብሎ የጀግኖቹ አለቃ ሆነ። መጽሔቶቹ ሁሉ ስማቸውን ለውጠው አራት ወር ሙሉ ይህንኑ ‹የአፖካሊፕስ ዘመን› ብቻ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ በኋላ የተበላሸው ተቃንቶ የቀድሞው ዘመን ተመለሰ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የፈረሰው ዘመን ፈርሶ አልቀረም። ከዚያ ዓለም አንዳንድ ሰዎች፥ ክፉም ደግም፥ አምልጠው ወደ እውነተኛው ታሪክ ገቡ፤ ያልሆነ ዘመን ስደተኞች ሆነው በሆነው ዘመን ውስጥ መኖር ጀመሩ። በኋላ የተነሡ ደራስያንም ወደዚያ ዘመን ደጋግመው ተመልሰዋል፤ አሥር ዓመት ቆይቶም በ2005 እ. ኤ. አ. እንደገና ተጽፎለታል። ቧልት ነው ብሎ ለሚንቀው ሰው መልሳችን አጭር ነው፤ አንድ ሕዝብ ‹እንዲህ ባይሆን ኖሮ› የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣበት መንገድ በየአገሩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ታሪክን በሥዕል ከፋፍሎ መናገርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥት ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል ሥለው የሚሸጡ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። በ2018 እ. ኤ. አ. ደግሞ ‹ጀምበር› የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በኢታን ኮሚክስ አማካይነት በመጽሔት ወጥቶአል።

ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ። የእሳቸው ዘመን ገና በሕይወት ሳሉ በሁለት መንገድ ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል። ደብተራ ዘነብ የጻፉት ዜና መዋዕል ካሣ ከተነሡበት ጀምሮ እያደነቀ ይሄድና እስከ 1852 ዓ. ም. ገደማ ደርሶ ይቆማል። ሊትማን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1902 እ. ኤ. አ. አሳትሞታል። አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፤ የሚያዝን፥ የሚወቅስ ጽሑፍ ነው። ዘነብን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው የተስፋው ንጉሥ ገና በመንገድ ላይ እንዳሉ ይቀሩለታል። ወልደ ማርያምን የሚያነብ ደግሞ የተቃጠለች ጎንደርን ያገኛል። የኋለኞቹ ደራስያን ሁሉ፥ አውቀውም ሆነ ሳያውቁ፥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆመው ነው የጻፉት።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ‹ቴዎድሮስ›ን ለመድረክ አቀረቡ። በ1958 ዓ. ም. ጎንደሬው ብርሃኑ ዘሪሁን ‹የቴዎድሮስ እንባ›ን፥ በ1961 ዓ. ም. አቤ ጉበኛ ‹አንድ ለእናቱ›ን አሳተሙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔት፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም በ1974 እ. ኤ. አ. በእንግሊዝኛ በታተመ ልብ ወለድ ወደዚሁ ንጉሥ ተመልሰዋል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ብዕር የተሰለፈለት ሌላ የኢትዮጵያ ንጉሥ መኖሩን እንጠራጠራለን። ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም፤ አገሩን አንድ ለማድረግ፥ ዕውቀትን ለማስገባት የሚታገል ትውልድ የራሱን ምኞት የሚያኖርበት ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው ያልተጨረሰለት ሰው ደግሞ ከተጨረሰለት ይልቅ ለዚህ ይመቻል። ድል አድርገው በሸመገሉ ንጉሥ ላይ ያልሆነ ዘመን መሥራት ያስቸግራል።

ያልመጣውን ዘመን የሚያስብ ሁሉ ታሪኩ የተጣመመበትን መታጠፊያ መምረጥ ይኖርበታል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ደብዳቤውን ነው። በ1855 ዓ. ም. ንጉሡ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ፤ ከዚህም የተነሣ ቆንሲል ካሜሮን በ1856 ዓ. ም. ታሰረ፤ ከእስራቱም ዘመቻው መጣ። መልስ ቢሰጥ ኖሮ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በ1850 ዓ. ም. የሞቱትን እቴጌ ተዋበችን ያነሣሉ፤ እሳቸው ቢኖሩ የንጉሡ ልብ አይከብድም ነበር ይላሉ። ይህኛው ለባለቅኔ ይስማማል። የመጀመሪያው ደግሞ ለእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊ ይስማማል፤ የእኛ ዕድል በአንድ የለንደን ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነበረ የሚያሰኝ ነውና፥ እኛ ብዙም አንወደውም።

የእኛን አሳብ የለወጠው አንድ ትንሽ ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ለትምህርት ቤት በዓል የመቅደላን ፍጻሜ በመድረክ አሳይተን ነበር። ሽጉጡ ከእንጨት፥ ካባውም ከመጋረጃ የተሠራ ነበረ። ንጉሥ የሆነው ጓደኛችን ሲወድቅ እልልታው ከልቅሶ ጋር ተቀላቀለ፤ እኛም ኮራን። ሲያበቃ ከእስቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ ሽማግሌ አባት ጠጋ ብለው ጨዋታው መልካም መሆኑን ከመሰከሩልን በኋላ፥ ይህን ሁሉ ጦር ማን ያበላ እንደነበረ ጠየቁን። ለጥያቄው የተዘጋጀ ቃል በድርሰታችን ውስጥ አልነበረም። መምህራችን ሳቁና አለፉት። እኛም ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

ብዙ ዓመት ቆይተን ስንመለከተው መታጠፊያው እዚያ እንደነበረ ተገለጠልን። የቀድሞው ሥርዓት ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ ከባላገር ጎተራ እንዲበላ ያደርግ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ለመለወጥ አስበው ነበር፤ ቆንሲል ፕላውደን ገና በመጀመሪያው ዘመን ንጉሡ ለወታደሩ ደመወዝ ሊቆርጡ ማቀዳቸውን ጽፎአል። ደመወዝ ግን ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የተገኘውም ቦታ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበረ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ፤ ለእነሱ የሚበቃ መሬት ይተውላቸውና የተረፈው ለመንግሥት ይግባ አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። የተስፋውን መጽሐፍ ለሕዝብ የሚያነቡትና የሚተረጉሙት ደግሞ እነሱው ነበሩ፤ ስሙን የሰጠው መጽሐፍ በጠላት እጅ ገባ ማለት ነው። አቡነ ሰላማም በመጨረሻ በመቅደላ ታስረው ሳሉ በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

መሬቱ ሲቀር ደመወዙ ቀረ። ደመወዙ ሲቀር ወታደሩ ወደ ባላገሩ ጎተራ ተመለሰ። ወሎ፥ ሸዋ፥ ላስታና ትግሬ በየተራ እየከዱ ሲሄዱ የቀረው የንጉሡ ግዛት እየጠበበ መጥቶ በደብረ ታቦርና በመቅደላ ዙሪያ ብቻ ሆነ። አንድን ትልቅ ሰፈር ለመመገብ የቀረው አገር እንግዲህ በጌምድር ነበረ። በኅዳር 1859 ዓ. ም. ጎንደር ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። የበጌምድር መንደሮች በየአቅጣጫው ተበዘበዙ፤ ባላገሩ ሸፈተ፤ በሸፈተም ጊዜ ቅጣቱ ከፊተኛው የባሰ ሆነ። ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠ ጦር እህል ሲያጣ ወደ የት እንደሚወርድ ለመገመት የአገሩን አቀማመጥ ማየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያፈሱ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ዝናው ከተሰማው ከተማ ነው። በጥቅምት መግቢያ 1860 ዓ. ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከእሳቸው ጋር የቀረው ተዋጊ ጥቂት ሺህ ነበረ፤ ከሱ በብዙ የሚበልጥ ሴት፥ ሕፃንና ጓዝ ተሸካሚ ይከተል ነበር። መድፉ በመንኰራኵር ላይ ሆኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይሳባል፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ ይያዛል። መንገድ አልነበረም። ድንጋይ እየፈለጡ፥ ገደል እየደለደሉ፥ ዛፍ እየቆረጡ መንገዱን የሚያወጡት የሚያልፉበት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር ያዩት የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። በጋይንት ደጋ አልፈው፥ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጡ፤ ከዚያም የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጥተው፥ ደላንታን አቋርጠው፥ በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ገቡ።

ከዚህ ጉዞ የበለጠ የንጉሡን ታላቅነት የሚያሳይ ነገር አናውቅም። በዚያ ዘመን በዚያ ገደል ላይ የመድፍ መንገድ ማውጣት የአንድ መሐንዲስ ሥራ ነው። ከዚህ የበለጠ ውድቀታቸውን የሚያሳይም የለም። መንገዱ ንግድ እንዲያልፍበት፥ እህል ከስማዳ ወደ ደብረ ታቦር እንዲጫንበት ወይም ዳኛ በቶሎ እንዲደርስበት አልወጣም። በሕዝቡ መካከል መቀመጥ ያልቻለ መንግሥት አንድ አምባ ላይ ለመድረስ ያወጣው መንገድ ነበረ። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ይህን መንገድ አገኘው፤ የጅጣንም ሸለቆ በዚያው ወርዶ ተሻገረ። እንግሊዞቹ ስለ አሠራሩ አመስግነው ጽፈዋል። ለጠላት የተዘጋጀው መድፍና ጠላቱ ራሱ በጥቂት ሳምንት ልዩነት በአንድ መንገድ አለፉ።

የተረፈው የታወቀ ነው። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ሲያዝ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ከፈረሰው ዘመን ያመለጡ ስደተኞች በእኛም ዘንድ አሉ። ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስደው በ1879 እ. ኤ. አ. በ18 ዓመታቸው አርፈው በዊንድሶር ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 እ. ኤ. አ. አልተፈቀደም። የንጉሡ ፀጉር ግን በ2019 እ. ኤ. አ. ከለንደን ተመልሶአል። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ተቀምጦአል፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። እነዚህ ሁሉ በድርሰትም በሥዕልም በክብር ገብተዋል፤ መግባታቸውም ተገቢ ነው። ያልገባው ጠፍሩን የሳበው ሰው ነው። ጠፍሩም ከበሬ ቆዳ የተሠራ መሆኑን፥ በሬውም የአንድ ሰው እንደነበረ የሚያስታውስ ድርሰት እስካሁን በእጃችን አልገባም።

ወጣት ደራስያንና ሠዓሊዎች ዛሬ የልዕለ ጀግና ታሪክ መሥራት ጀምረዋል፤ ከመካከላቸውም ያልመጣውን 27 ዓመት በሥዕል የሚሞላ አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርም። መድፉ በዐድዋ ሲተኰስ፥ አረጋዊው ንጉሥ በበቅሎ ሆነው ሲመለከቱ ይሥል ይሆናል። እኛም ገዝተን እናነበዋለን። ነገር ግን አስቀድሞ ምክር ቢጠይቀን መጀመሪያውን ሥዕል ከመቅደላ ወይም ከለንደን እንዳይጀምር እንነግረዋለን። ከ1847 ዓ. ም. በኋላ ባለው በአንዱ ሰኔ ይጀምር። ቦታው እስቴ ወይም ስማዳ ይሁን። አንድ ገበሬ ማለዳ ጥማዱን እየነዳ ወደ እርሻው ይወርዳል፤ ከማዶ ወታደሮች ይመጣሉ፤ ገበሬው በሬዎቹን ወደ ገደል ሊሸሽግ ይሮጣል። ወታደሮቹም ደመወዛቸውን የተቀበሉ ናቸውና ሰላምታ ሰጥተውት ያልፋሉ።